ለጋሪ ፈረስ ዛብ የትኛው ማያያዣ ይሻላል? አራቱንም ሞክሬያለሁ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ብረት ነው። ዛቡን፣ ማለትም ፈረሱን የምንመራበትን ረጅም ጠፍር፣ ከልጓሙ ቀለበት ጋር ስለምታያይዘው። መዳፍ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች፤ ግን ጋሪ የሚነዳ ሰው ሁሉ የራሱን ነፍስ፣ የተሳፋሪውን ነፍስና የፈረሱን አፍ እሷ ላይ አንጠልጥሎ ነው ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው። እኔ ቢሾፍቱ ውስጥ ሁለት ጋሪ አለኝ። አንዱን ራሴ እነዳለሁ፣ ሌላውን የእህቴ ልጅ ይዞታል። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ማያያዣ ሞክሬያለሁ። አንዱ ቦይ ውስጥ ጥሎኛል። አንዱ እስከ ዛሬ ፈረሴ ላይ አለ። ገንዘቤም ጊዜዬም የወጣበት ነገር ስለሆነ ያየሁትን ሳልቆጥብ ልንገራችሁ።

"ለምን ሰፍተኸው አትገላገልም?" የሚሉኝ አሉ። ልጓም እኮ በየቀኑ ይወልቃል። ፈረስ ብረት አፉ ውስጥ እያለ ገብሱን በደንብ አያላምጥም። ብረቱ መታጠብ አለበት። ዛቡ ደግሞ ለብቻው ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ መሰቀል አለበት፣ ቅባት የጠጣ ቆዳ መሬት ላይ ካደረ አይጥ ይበላዋል። ስለዚህ እኔ ስፈልግ የሚፈታ፣ እኔ ካልፈለግሁ ግን ምንም ቢመጣ የማይፈታ ነገር ነው የሚያስፈልገኝ። ቀላል ይመስላል። አይደለም።

መጀመሪያ እንደ ብዙዎቻችን በሽቦ ነበር የማስረው። ሽቦ የትም አለ፣ በፒንሳ ሁለት ሦስት ጊዜ መጠምዘዝ ነው። ጣጣው ያለው ጫፉ ላይ ነው። የቱንም ያህል ወደ ውስጥ ብታጥፈው ሳምንት ሳይሞላ ብቅ ይላል፣ ብቅ ሲል ደግሞ የሚያገኘው የፈረሱን የከንፈር ጥግ ወይም ጉንጩን ነው። ዳማ (የፈረሴ ስም ነው፣ መልኩም ዳማ ነው) ቀኝ ጉንጩ ላይ የሳንቲም ያህል ቁስል ወጥቶበት እኔ ዝንብ ነው እያልኩ ከረምኩ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ውስጥ መኖሩ ትልቅ ጸጋ ነው። ይዤው ስሄድ ያየችው ሐኪም ቁስሉን ከመንካቷ በፊት ልጓሙን ነው ያገላበጠችው። "ጋሼ፣ ዝንቡ የመጣው በኋላ ነው። የወጋው ይሄ ሽቦ ነው" አለችኝ።

እሷ ያስረዳችኝን ሁላችሁም ብታውቁት ደስ ይለኛል። በጋሪ ፈረሶቻችን ላይ ቆዳ ሥር እንደ ዶቃ ተደርድሮ የሚያብጠው፣ በኋላም እየፈነዳ የሚመግለው በሽታ በፈንገስ የሚመጣ ነው። መግቢያው እንዲህ ያለ ትንሽ ቁስል ነው። ዝንብ ያዛምተዋል፣ ከታመመ ፈረስ ወልቆ ሳይታጠብ ለሌላው የሚደረግ ዕቃም ያዛምተዋል። አንድ ፈረስ በዚህ በሽታ ከጋሪ ሲወጣ የአንድ ቤት እንጀራ ነው የሚቆመው። ያን ቀን ሽቦውን ፈትቼ ጣልኩት። ሽቦ ላይ ያለኝ አስተያየት ይኸው ነው፣ ሌላ አልጨምርም።

ቀጥዬ የገዛሁት የሚያብረቀርቀውን መንጠቆ ነው። ታውቁታላችሁ፣ በአውራ ጣት ስትጫኑት ምላሱ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ስትለቁት በሞላ ተመልሶ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ። አንዱን በ90 ብር ነው የገዛሁት። ሱቁን አልናገርም፣ ባለሱቁም ቢሆን ከሌላ የገዛውን ነው የሸጠልኝ። መጀመሪያ ላይ በጣም ወድጄው ነበር፣ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በጨለማ፣ እጅ በብርድ ደንዝዞ፣ ዛቡን በሁለት ሰከንድ ማያያዝ ማለት ሌላ ነገር ነው። አምስት ወር ሠራልኝ።

አምስተኛው ወር ሐምሌ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ዋልካ ብቻ ሆኗል። አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ጭኜ ቁልቁለቱን ስወርድ ባጃጅ ድንገት ከፊታችን ታጠፈ። ዛቡን ሳብኩ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁና ቀኝ እጄ ቀለለኝ። ዛቡ እጄ ላይ አለ፣ ጫፉ ላይ ግን ፈረስ የለም። በግራው ብቻ ስስብ ዳማ እንደታዘዘው ወደ ግራ ዞረ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሜዳ ቢሆን ኖሮ ክብ እየዞረ ይቆም ነበር፣ እኛ ግራችን ላይ የነበረው ቦይ ነው። የጋሪው አንዱ ዘንግ ተሰበረ፣ የእኔ ጉልበት ተላጠ። እናትየዋና ልጇ ከመደንገጥ በቀር ምንም አልሆኑም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ያቺ እናት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያየችኝ አስተያየት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በዋናነት ለእሷ ብዬ ነው።

ማታ የተሰበረውን መንጠቆ መብራት ላይ ይዤ አየሁት። ላዩ እንደ መስታወት ያበራል። ስብራቱ ውስጥ ግን ግራጫ ነው፣ እንደ ስኳር የሚፈረፈር ፍሬ ፍሬ ነገር። በኋላ አንድ የብረት ባለሙያ እንደነገረኝ ይህ ብረት አይደለም፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው፣ ላዩን ኒኬል አልብሰውት። ከ400 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥ ለማምረት ርካሽ ነው። ለበር እጀታ፣ ለዚፕ፣ ለቦርሳ ጌጥ ይሆናል። ለፈረስ አይሆንም፣ ምክንያቱም ድንገተኛ ጉተታ ሲመጣበት ሳይሳብና ሳይጎብጥ በአንዴ ነው የሚሰበረው። ባለሙያው ያለኝ ቃል በቃል ይኸውና፦ "ብረት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ይጎብጥ ነበር። ጎብጦ ይነግርህ ነበር።"

ሱቅ ስትገቡ እንዴት ትለያላችሁ? ትንሽ ማግኔትና ትንሽ ሞረድ ኪሳችሁ ያዙ። አካሉን ማግኔት ካልያዘው ወይ ዚንክ ነው፣ ወይ ነሐስ ነው፣ ወይ ከማይዝገው ብረት አንዱ ዓይነት። ስትፈትሹ አካሉን ነው እንጂ ምላሱ ጋ ያለውን ሞላ አይደለም፣ ሞላው ሁልጊዜ ብረት ስለሆነ ያሳስታል። ከዚያ የማይታይ ቦታ ላይ በሞረድ ጫር ማድረግ። ውስጡ ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው፣ ጥሩ ነው። ግራጫ ሆኖ ሞረዱ እንደ ሳሙና ከገባበት ዚንክ ነው፣ ተዉት። ግራጫ ሆኖ ሞረዱ እየተንሸራተተ አልገባም ካለ የማይዝግ ብረት ነው። ባለሱቁ "አትጫርብኝ" ካለ አንዱን ገዝታችሁ ጫሩት። 90 ብር ለማወቅ ውድ አይደለም።

ደህና ነሐስ የሆነ መንጠቆ ባገኝስ? ለዛብ አሁንም አልመርጠውም። መንጠቆ ይወዛወዛል። ጋሪ ነጂ ከፈረሱ አፍ ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ ስለሚቀመጥ በረጅሙ ዛብ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት በየእርምጃው ቀለበቱን ይመታል፣ ቀለበቱ ደግሞ አፉን። ፈረሱ ያንን ሁሉ ትእዛዝ ነው ብሎ ይሰማል፣ ቀን ሙሉ ሲነገረው ውሎ ማታ አፉ ይደነዝዛል። ከዚያ እኛ "ይሄ ፈረስ አፈ ደንዳና ነው" እንላለን። ኮርቻ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፣ እጁ ከፈረሱ አንገት በላይ ነው፣ ዛቡ አጭር ነው። አንድ ጊዜ ጥር 23 እንጅባራ ሄጄ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል አይቻለሁ። ያን ሁሉ ያጌጠ ፈረስ ሰው ሲያደንቅ እኔ ልጓም ልጓሙን ነበር የማየው። ካየኋቸው ብዙዎቹ ቆዳውን ራሱን ቀለበቱ ላይ አጥፈው ነው ያሰሩት፣ ብረት የለበትም። ለግልቢያ ያምራል። ለጋሪ ግን በየቀኑ ለሚፈታ ዛብ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ምናለሽ ተራን የማያውቅ ካለ፣ አሮጌ በርሜል፣ ያለቀ ባሌስትራ፣ የተጣለ ቆርቆሮ ሁሉ እንደገና ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት ቦታ ነው። አንድ ባለሙያ ጋ ቆሜ ዘለበት እንዲሠራልኝ ጠየቅሁት። ለግንባታ ከሚውለው ከ6 ሚሊ ፌሮ አራት ማዕዘን አጥፎ፣ በያይዶ፣ ምላስ አድርጎ፣ አራት ዘለበት፣ አንዱን በ180 ብር ሒሳብ ሰጠኝ። እጁ ፈጣን ነው። ብረቱም እውነተኛ ብረት ነው። ቤት ገብቼ ሳስረው ግን ጉድለቱ አንድ በአንድ ወጣ።

ብየዳው ያረፈው ቆዳው የሚታጠፍበት አግዳሚ ላይ ነው፣ ጉብ ጉብ ብሎ እንደ መጋዝ። በሁለት ሳምንት ቆዳውን በልቶ ክር አሳየኝ። ስፋቱም ልክ አልነበረም። ዛቤ 25 ሚሊ ነው፣ የዘለበቱ ውስጥ 30 ሚሊ። አምስት ሚሊ ትርፍ ምንም አይመስልም፣ ግን ቆዳው ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ስለሚሳብ ጉተታው ሁሉ በአንድ ጠርዝ ላይ ይወድቃል፣ ጠርዙም ይለጠጣል። ምላሱ ደግሞ አጭር ነው፣ የፊቱን ብረት በቅጡ አያልፍም። ዛቡ ሲላላ ወደ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ከሁሉም ያስፈራኝ ነው። ዝገቱን አልቆጥርበትም፣ ነሐሴ ላይ ያልተቀባ ፌሮ ቢዝግ ምን ይገርማል።

ተመልሼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ጠብ ጠብቄ ነው የሄድኩት። ባለሙያው ዘለበቱን ተቀብሎ አየና "ጋሼ፣ ለቀበቶ መስሎኝ እኮ ነው። ዛቡን ለምን አላመጣኸውም?" አለኝ። ልክ ነው። አንድ ሰው የማያውቀውን ዕቃ በቃል አስረድቼው ልክ እንዲመጣ ጠብቄያለሁ። በሌላ ቀን ዛቡንም ልጓሙንም ይዤ ሄድኩ። ቁጭ ብሎ፣ ዛቡን በሁለት እጁ እየሳበ፣ ቆዳው የት ላይ እንደሚታሽ፣ የት ላይ እንደማይነካ በጣቱ ተከተለው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ከዚያ ሁለተኛውን ዙር ሠራ።

ብየዳውን ቆዳ ወደማይነካው ወደ ጎኑ አዞረው፣ በሞረድም ጣት እስኪንሸራተትበት አለሰለሰው። ውስጡን 26 ሚሊ አደረገው፣ ቆዳው ገብቶ አይጨናነቅም፣ ወዲያ ወዲህም አይልም። ምላሱን አስረዝሞ የፊቱን ብረት ካለፈ በኋላ ጫፉን ትንሽ ወደ ታች ጎንበስ አደረገው። ከዚያ ደግሞ እኔ ያልጠየቅሁትን ከራሱ ጨመረ፦ ከመበየዱ በፊት የፊቱ አግዳሚ ላይ ከቀጭን ቱቦ የተቆረጠች የምትሽከረከር ቁራጭ አስገባ። ዛቡን ስትስበው ቆዳው ብረት ላይ ከመታሸት ይልቅ ቱቦዋ አብራ ትዞራለች። ትንሽ ነገር ትመስላለች። የድሮው ዛቤ የታጠፈበት ቦታ በአራት ወር ስንጥቅጥቅ ሲል፣ ይሄኛው ዘጠኝ ወር ሆኖት ገና ልስልስ ነው።

ለዝገቱ ባለሙያው አግሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ሊነክረው ነበር። ብረቱን ያጠቁረዋል፣ ለበርና ለመስኮት ዕቃ ሁልጊዜ ይደረጋል። እኔ እምቢ አልኩ፣ ፈረስ የሚልሰው ነገር ነው። በተልባ ዘይት ይሁን አልኩት። ገርሞት ሞከረው። ተልባ ዘይት በሞቀ ብረት ላይ ሲደርቅ ስስና ጠንካራ ሽፋን ይሠራል፣ አይሸትም፣ አይጎዳም። ፍጹም አይደለም፣ የሚታሽበት ቦታ ላይ በሦስት ወር ይለቃል። ያኔ እኔው ቤት ምጣድ ላይ አሙቄ እቀባዋለሁ። በሁለተኛው ዙር የአንዱ ዋጋ 260 ብር ሆነ። 80 ብር የጨመረው ለድካሙ ነው፣ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ከዚያ ጥንካሬውን ፈተንኩት። ግቢያችን ውስጥ ካለው ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ዛቡን ከነዘለበቱ አስሬ አንድ ኩንታል ጤፍ አንጠለጠልኩበት። 100 ኪሎ። ምንም አላለም። ሁለተኛ ኩንታል ጨመርኩ። ዘለበቱ አልተነቃነቀም፣ የቆዳው ቀዳዳ ግን ረዝሞ ረዝሞ እንደ እንባ ቅርጽ ሆነ። ለማወዳደር የተሰበረው መንጠቆ መንትያ ቀርቶኝ ነበርና እሱንም ሰቀልኩት። አንዱን ኩንታል ቻለ! ይህ ነው ሰውን የሚያታልለው። ከዚያ ኩንታሉን ከእህቴ ልጅ ጋር ስንዝር ያህል ከፍ አድርገን ለቀቅነው። ቀጭ። ያው ድምፅ። ፈረስ የሚጎትተው እንደ ተሰቀለ ኩንታል ዝም ብሎ አይደለም፣ ደንግጦ ጭንቅላቱን ሲጥል ነው። ስለዚህ ማንም "100 ኪሎ ይችላል" ብሎ ቢሸጥላችሁ ጥያቄው እሱ አይደለም። የምናለሹን ዘለበት ይህንኑ አምስት ጊዜ ደጋግመን ለቀቅንበት። ምላሱ በጣም በትንሹ ጎበጠ። በመዶሻ መለስኩት።

አራተኛው ከሩቅ የመጣ ነው። የአጎቴ ልጅ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ትኖራለች። ከእሷ ከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ገደማ ሄዶ ሆልምስ የሚባል አካባቢ አለ፣ አሚሽ የሚባሉ የድሮውን አኗኗር የጠበቁ ክርስቲያኖች በብዛት ይኖሩበታል። መኪና አይነዱም፣ እስከ ዛሬ በፈረስ ጋሪ ነው የሚሄዱት። የጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚሠሩ ሱቆችም እዚያው አሏቸው። ችግሬን በስልክ ስነግራት አንድ ቅዳሜ ሄዳ ስድስት የማይዝግ ብረት ዘለበት ገዝታ ሰው ይዞልኝ መጣ። አንዱ 4 ዶላር ነው። ባለሱቁ መጀመሪያ የጠየቃት "ለቆዳ ነው ወይስ በፕላስቲክ ለተለበጠ ናይለን?" ብሎ ነው አለችኝ። በቆዳ ላይ የሚሠራው ምላስ ናይለን ላይ ክሩን እየበጣጠሰ ስለሚሄድ ይለያያል። የሚሸጠውን የሚያውቅ ሰው ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህኛው ዘለበት ብዙ የምለው የለኝም፣ ምክንያቱም ጉድለት አላገኘሁበትም። ጠርዙ ሁሉ ክብ ነው። የሚሽከረከረው ቱቦ ድምፅ እንኳ የለውም። ጭቃ፣ ላብና ምራቅ ነክቶትም ሲታጠብ እንደ አዲስ ነው። በጥራት ከአራቱ አንደኛ ነው። ግን አንዱ ቢጠፋብኝ ነገ ከየት አመጣለሁ? መንገደኛ መጠበቅ አለብኝ። የምናለሹ ቢጠፋ በ260 ብር በማግሥቱ እተካዋለሁ፣ ከጎደለው ደግሞ ተናግሬ አሻሽላለሁ። ለዚህ ነው ዳማ ላይ ያለው የምናለሹ፣ የኦሃዮዎቹ መጠባበቂያ ሆነው ሳጥን ውስጥ የተቀመጡት። ከዚያ ላይ አንዱን ለባለሙያው ወስጄ ሰጥቼዋለሁ፣ ናሙና ይሁነው ብዬ።

እንግሊዝ አገር ዋልሶል የምትባል ከተማ አለች፣ ስሟን ያወጣችው በኮርቻ፣ በልጓምና በዘለበት ሥራ ነው። የእግር ኳስ ክለቧ ቅጽል ስም ራሱ "ኮርቻ ሠሪዎቹ" ማለት ነው። ኳስ የምትከታተሉ ታውቁት ይሆናል። ምናለሽ ተራ ያየሁት እጅ ከየትም እጅ የሚያንስ አይመስለኝም። የጎደለው፣ ዛቡን ይዞ ሄዶ "እዚህ ጋ ቆዳውን በላብኝ" የሚል ደንበኛ ነው። እኛ ባለጋሪዎች ዘለበት ሲበላሽ በሽቦ እናስራለን እንጂ ለሠሪው አንነግረውም። ሠሪው ታዲያ በምን ይወቀው?

ስለ ቆዳው ካልጨመርኩ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል፣ ምክንያቱም ዘለበቱ ከጠነከረ በኋላ የሚበጠሰው ቆዳው ነው። በዛፍ ልጣጭ የለፋ ቆዳ ከብረት ጋር እርጥብ ሆኖ ሲገናኝ ይጠቁራል። አይታችሁት ይሆናል፣ ሚስማር ወይም የብረት ሪቬት የተመታበት ቦታ ዙሪያውን እንደ ቀለም ጠቁሮ። የጥንት የጽሕፈት ቀለምም በዚሁ መንገድ ከብረትና ከዛፍ ይሠራ ነበር። በቆዳ ላይ ግን ጥቁረቱ ብቻ አይደለም፣ ቦታው እየደረቀ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። ስለዚህ ዘለበቱን ከዛቡ ጋር ስታያይዙ የብረት ሪቬት አትምቱ። ወይ ሰም በተቀባ ክር በሁለት መርፌ ይሰፋ፣ ወይ የመዳብ ሪቬት ይሁን። መዳብ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ከወፍራም የመብራት ገመድ የወጣ መዳብ ተቆርጦ፣ በሁለቱም በኩል ትንሽ ሮንዴላ ተደርጎበት ቢቀጠቀጥ እኔ ከገዛሁት ይበልጣል። የማስታጠፊያው ቆዳ ከዘለበቱ በኋላ ቢያንስ አንድ ጣት እርዝመት ይኑረው፣ በሁለት ቦታም ይያዝ።

ቀዳዳውንም በሚስማር አትብሱት። ሚስማር ቆዳውን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ስንጥቁም በጉተታ ይቀጥላል። ጫማ ሰፊዎች ጋ ያለው ክብ መብሻ ጥሩ ነው። የምትችሉ ከሆነ ሞላላ ቀዳዳ አስበሱ፣ የዘለበቱ ምላስ ተጋድሞ ስለሚገባ ክብ ቀዳዳን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፣ ሞላላ ግን ይመቸዋል። ከመኪና ቀበቶ ዛብ የሠራችሁ ደግሞ በጋለ ሚስማር አትቅደዱት፣ የቀለጠው ጠርዝ ጠንክሮ ክሩን ሊጎዳው ይችላል። የብረት ቀለበት ያለው ቀዳዳ ይመታበት፣ ካልተቻለ ተጠምዝዞ በሰበቃ የሚይዝ ምላስ የሌለው ዘለበት ይሻለዋል።

አንድ ሰው ዛቡ ላይ ስለምደክመው ነገር ሰምቶ ማሰሪያ ገመዱንም በዚሁ ዘለበት ልሥራው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይሆንም። ፈረስ ቆሞ የሚታሰርበት ገመድ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲስብ አንድ ቦታ ላይ መላቀቅ አለበት፣ ያለዚያ አንገቱን ይሰብራል ወይ ግንዱን ይዞት ይመጣል። እዚያ ላይ በአንድ ጉተታ የሚፈታ ቋጠሮ ነው ትክክሉ። የማይበጠስ መሆን ያለበት ዛቡ ነው፣ ምክንያቱም በዛቡ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ነው።

ማታ ማታ የማደርገው ይህን ነው፦ ዘለበቱን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ቱቦዋ ውስጥ አሸዋ ገብቶ እንዳትቆም በጣቴ አዞራታለሁ፣ ቆዳውን በሳምንት አንድ ጊዜ ሞራ እቀባዋለሁ። ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ሁለቱንም ምላስ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ፣ ዛቡን አንዴ ጠንከር አድርጌ እስበዋለሁ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

የእህቴ ልጅ ጋሪ ላይ እስካሁን ያው የሚያብረቀርቅ መንጠቆ ነበር። "ይፈጥናል" ይለኛል፣ ልጅ ነው። የኩንታሉን ሙከራ አብሮኝ ያየ ጊዜ ግን ምንም ሳይል ሄዶ ሁለቱንም ፈታቸው። እስኪደርስለት ድረስ ከሳጥኔ ሁለት የኦሃዮውን ሰጥቼዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሄጄ ስምንት አዝዣለሁ፣ አራቱ ለእሱ፣ አራቱ ለጎረቤታችን። በዚህኛው ዙር ፌሮው ቀርቶ ነሐስ ይሁን ብዬዋለሁ። ባለሙያው ነሐሱን ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ መክፈቻዎች አቅልጦ ሊሞክረው ነው፣ ዋጋውን ገና አልቆረጠልኝም። ሲደርስ ኩንታሉን ሰቅዬ፣ ስንዝር ከፍ አድርጌ ለቅቄ፣ የሆነውን እጽፍላችኋለሁ።